«ብቁ አስተያየት» እና ሌሎች፦ ዓመታዊ ሪፖርት ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚበላሹ ነገሮች

ኅዳር በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። አክሲዮን ማኅበራት ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩበት ወቅት ነው። ኦዲተሩ ፈርሟል፤ እንግሊዝኛው ሪፖርት ተውቦ ማተሚያ ቤት ገብቷል፤ አዳራሽ ተይዟል፤ ምሳ ታዟል። ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ «አማርኛውስ?» ይላል። አማርኛው ሁሌም ከምሳው በኋላ ነው የሚታወሰው።

ያኔ ይደውሉልኛል። ድሮ ባዶ እጃቸውን ነበር የሚመጡት። አሁን ማሽን የተረጎመውን ይዘው ይመጡና «ትንሽ ዓይንህን ጣል አድርግበት፣ አልቋል እኮ» ይሉኛል። ምኑ ነው ያለቀው?

እኔ መጀመሪያ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ወደ ትርጉሙ የገባሁት አማርኛዬ ስለሚያምር አይደለም፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሌላ እሺ የሚል ሰው ስላልነበረ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ። ግማሹን በየዓመቱ አርማለሁ፣ በዓመቱ ተመልሰው ይመጣሉ።

«ብቁ አስተያየት»

ከዚህ ልጀምር፤ ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው።

ኦዲተር መርምሮ ሲጨርስ ከአራት አንዱን ይላል። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት፦ መግለጫው ትክክለኛውን ገጽታ ያሳያል። «ከዚህ ጉዳይ በስተቀር» የሚል አስተያየት፦ ሌላው ደህና ነው፣ ይህቺ ግን አላሳመነችኝም። ተቃራኒ አስተያየት፦ መግለጫው እውነተኛውን ገጽታ አያሳይም። አራተኛው አስተያየት ለመስጠት አለመቻል ነው፦ በቂ ማስረጃ ስላላገኘሁ እንዲህ ነው ብዬ አልፈርምም።

ሁለተኛውን እንግሊዝኛው «ኳሊፋይድ» ይለዋል። «ኳሊፋይድ»ን ደግሞ ከሥራ ማስታወቂያ ነው የምናውቀው፤ ብቁ፣ ችሎታ ያለው። ስለዚህ ጀማሪ ተርጓሚም ማሽንም እኩል ገደል ይገባሉ። «ኦዲተሮቹ ብቁ አስተያየት ሰጥተዋል።»

አንድ ጊዜ የመጣልኝ ረቂቅ ይህችን ዓረፍተ ነገር የቦርድ ሰብሳቢው መልእክት ውስጥ፣ ምስጋናው አጠገብ አስቀምጧታል። ነገሩ ምን ነበር? ኦዲተሩ የመጋዘን ቆጠራው ላይ ስላልተገኘ የዕቃ ክምችቱን ልክ ማረጋገጥ አልቻለም፤ ይህንኑ ጽፎ ነቅፏል። ኩባንያው ግን ነቀፌታውን እንደ ሽልማት ሊያነብበው ነው። ለፋይናንስ ኃላፊው ደወልኩ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ አጠገቡ ያለውን ሰው «ስንት ኮፒ ታትሟል?» ሲለው ሰማሁት። ደግነቱ ገና አልታተመም ነበር።

የተገላቢጦሹ ይብሳል። ሒሳቡ ንጹሕ የሆነ ኩባንያ «አንኳሊፋይድ» የሚል አስተያየት ያገኛል፤ ማለትም ነቀፌታ የሌለበት። ተርጓሚው «ብቃት የሌለው አስተያየት» ብሎ ያሳርፍበታል። አንድ ዓመት ሙሉ ደረሰኝ ሲለቅሙ ለከረሙት ልጆች አዘንኩ።

ይህ ቃል እህቶች አሉት። «ጎይንግ ኮንሰርን» ማለት ድርጅቱ ሥራውን እንደያዘ ይቀጥላል ማለት ነው፤ «ኮንሰርን» እዚህ ድርጅት እንጂ ጭንቀት አይደለም። «ቀጣይነት ያለው ስጋት» ተብሎ ግን አይቻለሁ። «ማቴሪያል» የተባለ ስህተት ቁሳዊ ስህተት አይደለም፤ ጉልህ ስህተት ነው፣ የአንባቢን ውሳኔ ሊለውጥ የሚችል። «ኢንተረስት» አንዳንዴ ወለድ ነው፣ አንዳንዴ በሌላ ኩባንያ ውስጥ ያለ ድርሻ ነው፤ በሒሳብ መግለጫ ውስጥ «ፍላጎት» የሆነበትን ቀን ግን አላየሁም። «ሪቴይንድ ኧርኒንግስ» ያልተከፋፈለ ትርፍ ነው። «የተያዘ ገቢ» ካላችሁት ባለአክሲዮኑ ፍርድ ቤት ያገደው ይመስለዋል። «ጉድዊል» በጎ ፈቃድ አይደለም፤ ኩባንያ ሲገዛ ከተጣራ ሀብቱ በላይ ለስሙና ለደንበኞቹ የተከፈለ ዋጋ ነው። «ሴኩሪቲስ» ደግሞ ደህንነት አይደለም፣ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ነው፤ አክሲዮን፣ ቦንድና የመሳሰለው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በ2017 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቃሉ ከዜና ጠፍቶ አያውቅም። አሁንማ ሰበብ የለም።

አንድ «መጠባበቂያ» ለሦስት ነገር

ይሄኛው የኔ ነው። ሠርቼዋለሁ፣ ከፍዬበታለሁ።

ሒሳብ ውስጥ የማይገናኙ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ከትርፍ ላይ እየተቀነሰ የሚቀመጥ ነው። የባንኮችን ሪፖርት ያነበበ ሰው ያውቀዋል፦ ከዓመቱ የተጣራ ትርፍ 25 በመቶ፣ ተጠራቅሞ ካፒታሉን እስኪያክል ድረስ፤ ከዚያ በኋላ 10 በመቶ። ይህ የባለአክሲዮኖቹ ሀብት ነው፤ ዝም ብሎ አይከፋፈልም እንጂ የነሱ ነው። ሁለተኛው ኩባንያው ወደፊት መክፈሉ አይቀርም ብሎ ዛሬ የሚመዘግበው ነው፤ ለምሳሌ የሚረታበት የሚመስል ክስ። ይህ ዕዳ ነው። ሦስተኛው ካበደረው ወይም በዱቤ ከሸጠው ላይ ላይሰበሰብ ይችላል ብሎ የሚቀንሰው ነው። ይህ ሀብትም ዕዳም አይደለም፤ ከሀብት ላይ የተነሳ ቅናሽ ነው።

እንግሊዝኛው ለሦስቱም የተለያየ ቃል አለው። እኔ ሦስቱንም «መጠባበቂያ» አልኳቸው። ብዙ ሰው አሁንም ይላቸዋል። ሰው ቤት ውስጥ ግን መጠባበቂያ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ብር።

ጉባኤው ቀን የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። መነጽራቸውን አስተካክለው ገጹን ጠሩ።

«ልጆቼ፣ እዚህ ጋ መጠባበቂያ ብላችሁ 60 ሚሊዮን ብር አስቀምጣችኋል። ዘንድሮ የትርፍ ድርሻችንን ቀነሳችሁ። ከዚህ የባሰ ክፉ ቀን ከየት ይመጣል? ከሱ ላይ ክፈሉን እንጂ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰብሳቢው ማይኩን ይዘው «አባታችን፣ እሱ እኮ ገንዘብ አይደለም» አሉ። ባይሉት ይሻል ነበር።

«60 ሚሊዮን ብር ገንዘብ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ሁለተኛው ጭብጨባ ከመጀመሪያው ይበልጥ ነበር። አርባ ደቂቃ ፈጀ። የፋይናንስ ኃላፊው ተነስቶ አስረዳ፣ ኦዲተሩ ተነስቶ አስረዳ፤ ባስረዱ ቁጥር አዳራሹ የበለጠ ጠረጠረ። 60 ሚሊዮኑ ላይመለስ ይችላል ተብሎ የተቀነሰ ብድር ነበር። ቃሉን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ማንም አላወቀም። እኔም ተነስቼ አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ «መጠባበቂያ» የምለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን «ወደፊት ለሚከፈል ግዴታ የተያዘ ዕዳ» እለዋለሁ። ሦስተኛውን «ላይሰበሰብ ለሚችል ብድር የተቀነሰ»። ሰንጠረዡ ውስጥ አልገባም ብሎ ዲዛይነሩ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

«ሊዝ» ሲባል ባለአክሲዮኑ የሚያየው መሬት ነው

እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ተግባራዊ የሆነ አንድ የዓለም አቀፍ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ አለ፤ አይ ኤፍ አር ኤስ 16። በሱ መሠረት ለብዙ ዓመት የተከራያችሁት ቢሮ ወይም ቅርንጫፍ በየወሩ የሚከፈል የኪራይ ወጪ ሆኖ ብቻ አያልፍም። ቤቱን የመጠቀም መብታችሁ በሀብት በኩል፣ ወደፊት የምትከፍሉት ኪራይ በዕዳ በኩል ይመዘገባል።

እንግሊዝኛው ይህን «ሊዝ» ይለዋል። ቃሉ አማርኛ ውስጥ ስላለ ተርጓሚው ደስ ብሎት «የሊዝ ዕዳ» ብሎ ያልፋል። እኛ አገር ሊዝ ማለት ግን የከተማ መሬት ነው። ባለአክሲዮኑ «መቼ ነው መሬት የወሰድነው? የት አካባቢ ነው? ለምን አልተነገረንም?» ማለቱ ነው። ሲል ሰምቻለሁ። «የኪራይ ውል ግዴታ» በሉት፤ ያበቃል።

ቃል አማርኛ ውስጥ መግባቱ ብቻ አይበቃም። ምን ይዞ እንደገባ እዩ።

ሰኔ 30 እና ጁን 30

ይህን ማስረዳት ይሰለቸኛል፣ ግን አንዴ ልድገመው። ሰኔ 30 ጁን 30 አይደለም። ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው። ጁን 30 ደግሞ ሰኔ 23 ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ባንኮች ሪፖርታቸው ላይ ጁን 30 ይላሉ። ስለዚህ የምትተረጉሙት ሪፖርት የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። ስማቸው ስለሚመሳሰል ብቻ አንዱን በሌላው አትተኩ። መሃል ያለው አንድ ሳምንት ነው። በሳምንት ውስጥ ስንት ብር እንደሚገባና እንደሚወጣ ገንዘብ ቤት የሠራ ሰው ይንገራችሁ።

የሰኔው ቢያንስ ከዓመት ዓመት አይነቃነቅም። ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ነው ተንኮለኛው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። እኔ የብድር መክፈያ ቀን የሆነውን ዲሴምበር 31 ቀን 2023ን «ታኅሣሥ 22 ቀን 2016» ብዬ ጻፍኩ። በልማድ ዲሴምበር 31 ታኅሣሥ 22 ነዋ። ብድር ክፍል ያለ አንድ ወጣት፣ ሰንበት የሚቀድስ ዲያቆን፣ ረቂቁን አይቶ ወደኔ መጣ።

«ጋሼ፣ የዚያን ዓመት ገና ስንት ቀን ዋለ?»

«ሃያ ዘጠኝ ነዋ።»

«ሃያ ስምንት።»

ገባኝ። 2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ትክክለኛው ታኅሣሥ 21 ነው። ከዚያ ጀምሮ ቀን ስቀይር የዚያን ዓመት ገና መጀመሪያ አያለሁ።

ዓመተ ምሕረቱም እንደዚሁ። የሰንጠረዡ ራስ ላይ «2016» እና «2015» ብላችሁ፣ ከታች ማብራሪያው ውስጥ ከእንግሊዝኛው የተገለበጠ «2023» ከተዋችሁ አንባቢው የትኛው ዓለም ውስጥ እንዳለ አያውቅም። ሕግ ስትጠቅሱ ደግሞ ይብሳል። የንግድ ሕጉ በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። «1243/2021» ብሎ የሚጽፍ አለ። በኛ አቆጣጠር 2021 ገና አልመጣም፤ ያልወጣ ሕግ እየጠቀሳችሁ ነው። የታክስ አስተዳደር አዋጅም 983/2008 እንጂ 983/2016 አይደለም።

የጠፋችው «በሺህ ብር»

እንግሊዝኛው ሰንጠረዥ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት አለች፤ ሦስት ዜሮ። ቁጥሮቹ በሺህ ብር ናቸው ማለት ነው። ዲዛይነሩ አማርኛውን ሲያስገባ ቦታ ያጥረውና ይሰርዛታል። ውጤቱን መድረክ ላይ ነው የምታዩት። አንድ ሰብሳቢ «የተጣራ ትርፋችን 412 ሺህ ብር ሆኗል» ብለው ሲያነብቡ አዳራሹ ጸጥ አለ። 412 ሚሊዮን ነበር። ጸጥታው ረጅም ነበር ይባላል፤ እኔ አልነበርኩም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅንፍንም አብራሩ። ለሒሳብ ሰው (45,320) ማለት ቅናሽ ወይም ኪሳራ ነው። ለሌላው ሰው ቅንፍ ማለት «በነገራችን ላይ» ማለት ነው። ሰንጠረዡ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፦ በቅንፍ ያሉት ተቀናሽ ናቸው።

መቶኛ

የተበላሸ ብድር ድርሻ ከ3 በመቶ ወደ 4 በመቶ ከወጣ በ1 በመቶ አላደገም። በ1 የመቶኛ ነጥብ ነው ያደገው፤ በመቶ ካላችሁት 33 ነው። የትኛው እንደሚያስደነግጥ ደግሞ ቦርዱ ያውቃል፤ ለዚህም ነው አንዳንዴ ስህተቱ ስህተት የማይመስለኝ።

አንዱን ነገር በሦስት ስም መጥራት

ገጽ 12 ላይ «የሀብትና ዕዳ መግለጫ»፣ ገጽ 30 ላይ «የፋይናንስ አቋም መግለጫ»፣ ይዘት ማውጫው ላይ «ባላንስ ሺት»። ሦስቱም አንድ ወረቀት ናቸው። ሰዉ ግን ሦስት ወረቀት ይፈልጋል። የመጀመሪያው የለመድነው ስም ነው፤ ሁለተኛው ዓለም አቀፉ ደረጃ ስሙን ከቀየረ በኋላ የመጣ ነው። የትኛውንም ምረጡ፣ ከዚያ አትነቃነቁ። ሥራውን ለሦስት ሰው አካፍላችሁ ሳለ የቃላት ዝርዝር ካላዘጋጃችሁ ይህ መድረሱ አይቀርም።

እዚህ ላይ «ሁሉም ንጹሕ አማርኛ ይሁን» የሚሉ አሉ፣ «ሁሉም እንዳለ ይገልበጥ» የሚሉም አሉ። ከሁለቱም ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ካፒታል፣ ኦዲት፣ አክሲዮን፣ ቦነስ የኛው ሆነዋል፤ አትነካኳቸው። ግን ሰው አፍ ላይ ያለ ቃል ሲገኝ አትለፉት። ማሌዢያዎች በማላይ ቋንቋ በሚያወጧቸው የሒሳብ መግለጫዎች ውስጥ የማይሰበሰብን ብድር «ሁታንግ ላፑክ» ይሉታል፤ የሻገተ ዕዳ ማለት ነው። ገበያ ውስጥ ያለ ማንም ሰው ይገባዋል። እኛም «የተበላሸ ብድር» ስንል ያንኑ አድርገናል። ይህን «ተከፋይነቱ አጠራጣሪ የሆነ የብድር ሥጋት ተጋላጭነት» ብሎ የጻፈ ልጅ ነበረኝ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ አሁን ለምዷል።

«ተከፋይ» ላይ ግን ተጠንቀቁ። ተከፋይ ሒሳብ እኛ የምንከፍለው ነው፤ «ተከፋይ» ሲባል ግን የሚከፈለው ሰውም ይሆናል። «ለአቅራቢዎች የሚከፈል» ብትሉ ማን ይከስሳችኋል?

ማስመዝገብ

የሰብሳቢው መልእክት ውስጥ «አመርቂ ውጤት ለማስመዝገብ ተችሏል» የሚለውን ቆጠርኩ፤ በአንድ ገጽ አምስት ጊዜ። ማን ቻለ? ምን ያህል አተረፋችሁ? እሱን ጻፉ።

ያልተነበበ ላይ ፊርማ

ኦዲተሩ የመረመረውና የፈረመው እንግሊዝኛውን ከሆነ ፊርማውን ስካን አድርጋችሁ አማርኛው ሥር አትለጥፉ። አማርኛው ትርጉም መሆኑን፣ ልዩነት ቢኖር የትኛው እንደሚጸና ፊት ገጹ ላይ በግልጽ ጻፉ። ለዲዛይን አያምርም የሚላችሁ ሰው ክስ ሲመጣ አብሯችሁ አይቆምም።

ፊደል

ባረጁት የግዕዝ ፎንቶች አትጻፉ። ማተሚያ ላይ ያምራሉ፤ ድረ ገጽ ላይ ስታወጡት ግን ሰው «ትርፍ» ብሎ ቢፈልግ አንድም አያገኝም፣ ኮፒ ቢያደርገው ዝባዝንኬ ይወጣለታል። ሁሉም ኮምፒውተርና ስልክ በሚያነብበው የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ ጻፉ። «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»ንም አትቀላቅሉ፤ የትኛው ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ተዉትና አንዱን ያዙ።

ለማንም ሳያነብቡ መላክ

ጎረቤቴ እትዬ የአንድ ባንክ ባለአክሲዮን ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ቡና ሲያፈሉ ረቂቄን ይዤ እሄዳለሁ። ሒሳብ አይወዱም፣ ግን ጆሯቸው አይስትም። ባለፈው «የእርጅና ቅናሽ» ላይ ስደርስ ስኒውን ይዘው ቆሙ።

«ማን ነው ያረጀው?»

«መኪኖቹ፣ ኮምፒውተሮቹ፣ ሕንፃው… በየዓመቱ ዋጋቸው ይቀንሳል፣ እሱን ነው።»

«ታዲያ እንደዚያ አትልም?»

ቡናውን ተቀብዬ እዚያው አረምኩት። «የሕንፃዎች፣ የተሽከርካሪዎችና የመሣሪያዎች የእርጅና ቅናሽ።» ዲዛይነሩ ደወለ፤ መስመሩ አልገባም አለ።